የጳጳሱ ምሳ

ኃይለመስቀል በዕድሜው አንድ ትልቅ ውሸት ዋሽቷል። ትንንሾቹን አንቆጥርበትም፤ ትንንሽማ ማን ያልዋሸ አለ? ትልቁ ግን በ1963 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሦስት መቶ ሰው ፊት የተጋለጠ ስለሆነ ልደብቅለት ብልም አልችልም። አሰላ በሙሉ ያውቀዋል። የሲሬና የኦጎልቾ ገበያተኛ ሳይቀር ለወራት ሲሥቅበት ከርሟል።

ነገሩ የሆነው በቅድስት አና ቁምስና ነው። ቅድስት አና ከአሰላ ወጣ ብላ፣ የከተማው ቤት አልቆ የገብሱ ማሳ ሊጀምር ሲል የምትገኝ ባለ ቆርቆሮ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ናት። ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተሠራች የሚጠይቅ ሰው ራእይ ወይም ተአምር ይጠብቅ ይሆናል። እውነቱ ግን መኪና ተቀርቅሮ ነው። አባ ጁሊዮ የሚባሉ ጣሊያናዊ ቄስ በ1953 ክረምት ወደ ባሌ ሊያልፉ ሲሉ ላንድሮቨራቸው እዚያ ጭቃ ውስጥ እስከ ወገቧ ገባች። እሷን ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስቱ ቀን ውስጥ አባ የሰፈሩን ሰው ተዋወቁ፣ የአንድ ሕፃን ዐይን በቅባት አዳኑ፣ በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን አስታረቁ። መኪናዋ ስትወጣ እሳቸው መሄዱን ትተውት ነበር። መጀመሪያ የእጅ ፓምፕ ያለው ጉድጓድ አስቆፈሩ፣ ቀጥለው ክሊኒክ ከፈቱ፣ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያኑን ሠሩ። ሰዉም በዚሁ ቅደም ተከተል ወደዳቸው፤ ውሃውን ሁሉም፣ መድኃኒቱን አብዛኛው፣ ቅዳሴውን አርባ ሦስት ሰው።

ከአርባ ሦስቱ የመጀመሪያው ኃይለመስቀል ነው። ፓምፑን ሊጠግን በቀን ሥራ ገብቶ፣ ማታ ማታ ከአባ ጋር መጽሐፍ ሲያነብ፣ ሲከራከር፣ አንድ ቀን ካቶሊክ ሆኖ ወጣ። አባቱ ግራዝማች ወልደጻድቅ ይህን ሲሰሙ አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። ማዕድ ለዩ። «ከእንግዲህ ከእኔ ጋር አትቆርስም» አሉት፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አልቆረሰም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ግራዝማች በቅሏቸውን «እለፊ፣ ምን ይገትርሻል» ይሏታል እንጂ እሱን ቀና ብለው አያዩትም። ኃይለመስቀልም በዚያች በቅሎ ይቀናባት ነበር።

ስለዚህ ቅድስት አና ለኃይለመስቀል ቤቱም ዘመዱም ነበረች። ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምረው እሱ፣ ደወል የሚደውለው እሱ፣ ዝማሬ የሚያወጣው እሱ። ሰው «ቤትህ የት ነው?» ሲለው «ቅድስት አና» ይላል።

በታኅሣሥ መጨረሻ ከጳጳሱ ደብዳቤ መጣ። ጳጳሱ ፈረንጅ ናቸው፤ ሃያ ዓመት አገር ውስጥ ስለኖሩ ግን አማርኛውን ከእኛ አብልጠው ያቆነጃጁታል። ደብዳቤው አጭር ነበር። «በጥር መጨረሻ እሑድ እጎበኛችኋለሁ። የቁምስናውን ታሪክና ተልእኮ በሁለት ገጽ ጽፋችሁ፣ የምእመናኑን ስም ዝርዝር አያይዛችሁ ቆዩኝ። ምእመናኑ ከሁለት መቶ በታች ከሆኑ ቁምስናው ተዘግቶ አባ ጁሊዮ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ።»

አባ ጁሊዮ አንብበው ወረቀቱን አጣጠፉት። «ያለውን ጻፍ» አሉት ኃይለመስቀልን። «አርባ ሦስት ነን። እግዚአብሔር መቁጠር ያውቃል።»

«ጳጳሱስ?» አለ ኃይለመስቀል።

አባ ወደ ክሊኒኩ ሄዱ። ኃይለመስቀል ደግሞ ወደ ከዲሮ ሄደ።

ከዲሮ ባለ ጋሪ ነው። ፈረሱም አፉም አይደክሙም። ያን ጊዜ ላንድሮቨሯን ከጭቃ የጎተተው የእሱ ፈረስ ስለነበር፣ ቅድስት አናን የመሠረታት ፈረሴ ነው እያለ ይኮራል። ኃይለመስቀል ሲደርስ የጋሪውን ጎማ እየቀየረ ነበር።

«ከዲሮ፣ እንግዳ ሊመጣብን ነው። የአባ ጁሊዮ አለቃ።»

«ይምጣ! እንግዳ በረከት ነው። ምን ያስጨንቅሃል?»

«ቤቱ ባዶ ሆኖ እንዳያገኘው ነው። ሰው ያነሰ እንደሆነ ይዘጋዋል። አባንም ይወስዳቸዋል።»

ከዲሮ መፍቻውን መሬት ላይ ጣለ። «አባ ጁሊዮን? የት ነው የሚወስዳቸው? ሚስቴን ምጥ ሲይዛት በሌሊት ሆስፒታል ያደረሱ ማን ሆነና! ስንት ሰው ነው የምትፈልገው?»

«ሁለት መቶ።»

«ሁለት መቶ! ወላሂ እኔን ደግሞ ትልቅ ነገር የጠየቅኸኝ መስሎኝ። የአጎቴን ልጅ ስድር ስድስት መቶ ሰው ነው የበላው።»

እንግዲህ ፍረዱ። ለከዲሮ ይህ ውሸት አልነበረም። ጎረቤት እንግዳ ሲመጣበት ሰው ሆኖ መገኘት ነው፤ ለቅሶም ሠርግም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ወሬው በሁለት ቀን ቅቤ ተራ ደረሰ። የቅቤ ነጋዴዎች አለቃ የሆነችው ሰኪና «ሴቶቹን ለእኔ ተዉልኝ» አለች። የተዋሕዶዎቹም ሰፈር ሰማ፤ አባ ጁሊዮ ያልደረሱለት ቤት ስላልነበረ እነሱም እሺ አሉ። ለሁሉም ይህ ጉርብትና ነበር። ውሸቱ የኃይለመስቀል ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ የጻፋቸው እሱ ነው።

ታሪኩን በአንድ ቀን ጨረሰ። ተልእኮውን ዘለለው፤ ምን እንደሚል ጠፋው። ወደ ስም ዝርዝሩ ሲደርስ አርባ ሦስቱን በደንብ ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን ነከረ፣ አማተበ፣ ቀጠለ። ለእስላሞቹ የጥምቀት ስም አወጣላቸው። ከዲሮን ጴጥሮስ አለው፣ ሰኪናን ቬሮኒካ አላት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ እጁ ደክሞት አቆመ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ እሱ ግን ስንቁን አብዝቶ የያዘ መስሎት ልቡ ረጋ።

ቅዳሜ ዕለት፣ አባ ጁሊዮ በሽተኛ ሊጠይቁ ገጠር በወጡበት፣ ልምምድ አደረጉ። ኃይለመስቀል መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚንበረከክ አሳየ። የተዋሕዶ ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበሩን ሲያዩ ተሳለቁ። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቀመጥ? ደግሞ ቡና አምጡልን እንበል እንዴ!» ከዲሮ በበኩሉ ስግደት ሊያስተምሩት በመሞከራቸው ቅር አለው። «በቀን አምስት ጊዜ የምሰግድ ሰውዬ ነኝ» አለ። ኃይለመስቀል ተስፋ ቆርጦ «ብቻ ዝም ብላችሁ ተገኙልኝ» አላቸው።

ከልምምዱ በኋላ ለምሳው ዳስ ሊጥሉ ወጡ። እስላሞቹ በሬ አምጥተዋል፣ ተዋሕዶዎቹ አራት በግ፣ ካቶሊኮቹ አንድ ፍየል። ኃይለመስቀል መሐል ግቢ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ አዘዘ። «የእስላሙን ዳስ በበሩ በኩል፣ የተዋሕዶውን ከባሕር ዛፉ ሥር፣ የኛን ትንሿን ከኩሽናው አጠገብ! በሬውን ከዲሮ ያርዳል፣ በጎቹን ተዋሕዶዎቹ በራሳቸው ሰው ያሳርዱ!» ይህን ሁሉ በገዛ አፉ ሲናገር አንዳች ነገር ሽው አላለውም። ሌላውንም ሰው ሽው አላለውም። በአርሲ ምድር ሰው አብሮ ያርሳል፣ አብሮ ያለቅሳል፣ አብሮ ይሥቃል፤ ሥጋ ሲሆን ግን እያንዳንዱ የራሱ ወገን በባረከው ቢላዋ ነው። ይህን ማሰብ አያስፈልግም፤ እግር ራሱ ያውቀዋል።

እሑድ ረፋድ ላይ ጳጳሱ ደረሱ። ወፍራም፣ ፊታቸው የቀላ፣ ሲሥቁ ሆዳቸው ቀድሞ የሚሥቅ ሰው ናቸው። ከመኪናቸው ሲወርዱ በደጃፉ ላይ የተከመረውን ጫማ አዩ። በቅድስት አና ጫማ ማውለቅ ልማድ አልነበረም፤ ግን ተዋሕዶውም እስላሙም ወደ ጸሎት ቤት በጫማ መግባት በሕልሙም አይመጣለትም። ጎማ ጫማው፣ ሸራው፣ ቦቲው ተራራ አክሏል። ጳጳሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ውስጡ ደግሞ ጢም ብሏል። ከሦስት መቶ በላይ ነው። ተዋሕዶዎቹ ግድግዳውን ተከትለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እስላሞቹ አግዳሚዎቹን ወደ ዳር ገፍተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ትከሻ ለትከሻ፣ ረድፋቸው በገመድ የተለካ ይመስላል። አባ ጁሊዮ ወንጌሉን ሊያነቡ ከመንበሩ ዞር ብለው ይህን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። እያንዳንዱን በስሙ ያውቁታላ! ኃይለመስቀልን አፈጠጡበት፤ እሱ ጣራ ጣራውን አየ።

ጳጳሱ ግን በስብከታቸው መሐል «እንዲህ ያለ ሥርዓት በሮምም አላየሁም» አሉ፣ ዐይናቸውም እንባ አቀረረ። እውነት ለመናገር፣ ኃይለመስቀል ያን ጊዜ አፈረ። የሚያጭበረብሩት ሰው ሲያለቅስ ማየት ደስ አይልም።

በስተኋላ፣ ከበሩ ጥግ፣ ግራዝማች ወልደጻድቅ ቆመው ነበር። የጠራቸው የለም። ከነጋ ጀምሮ ባዶ ሆድ ቆመው፣ የልጃቸውን ጀርባ ብቻ ሲያዩ አረፈዱ። ኃይለመስቀል ዞር ሲል አያቸው። «ቤቴ ሲዘጋ ሊያዩ መጥተዋል» አለ በልቡ።

ቅዳሴው አለቀ። ሰዉ ወጣ። ወጥቶም፣ ማንም ምንም ሳይለው፣ ሦስት ቦታ ተከፈለ።

ጳጳሱ ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። በደጃፉ ቆመው አየሩን አሸተቱ፣ የበሬው ጥብስ ወደሚሸትበት ወደ ትልቁ ዳስ ቀጥ ብለው ገቡ። ከዲሮ እንደ ጥሩ ባለቤት ተነሥቶ ተቀበላቸው፣ አስቀመጣቸው፣ እጃቸውን አስታጠበ። ጳጳሱ እጃቸውን ወደ ትሪው ሲዘረጉ ግን ከዲሮ ደነገጠ። ዘሎ ክንዳቸውን ያዘ።

«አባታችን! እዚህ አይበሉም! ይሄ የእስላም ሥጋ ነው!»

ዳሱ ሙሉ ዞሮ አያቸው። ከውጭ የነበረውም አንገቱን አሰገገ። ኃይለመስቀል የያዘው የጠላ ማሰሮ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«የእስላም ሥጋ?» አሉ ጳጳሱ።

«በገዛ እጄ ቢስሚላህ ብዬ ያረድኩት! እርስዎ ይህን ቢቀምሱ ነገ ጳጳሱ ሰለሙ ይባላል። ሰውስ እኔን ምን ይለኛል? እንግዳ ጠርቶ ሃይማኖቱን ቀማው አይለኝም? አላህም አይወደውም።»

ጳጳሱ ቀስ ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ስምህ ማነው?»

ከዲሮ የኃይለመስቀልን ፊት አየ። በልምምዱ የተነገረው የጥምቀት ስሙ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ደረቱን ነፍቶ «ጴጥሮስ!» አለ።

ጳጳሱ ተነሡ። ወደ ሁለተኛው ዳስ ሄዱ። መግቢያው ላይ ግራዝማች ወልደጻድቅ ቆመዋል፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ። «ይግቡ ልልዎ እፈልጋለሁ» አሉ። «ግን እኛ የካቶሊክ ሥጋ አንበላም። እርስዎ የኛን ይብሉ አይብሉ አላውቅም። በማላውቀው ነገር እንግዳ አላሳስትም።»

ጳጳሱ አመስግነው ወደ ሦስተኛዋ ዳስ ዞሩ። ትንሿ ናት። አንድ ፍየል ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተዋል። ጳጳሱ ጣታቸውን ቀስረው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቆጠሩ። አርባ ሁለት ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ኃይለመስቀልን አዩና «ካንተ ጋር አርባ ሦስት» አሉ።

ለኃይለመስቀል ያን ጊዜ ነው የገባው። ዳሱ ቆጥሮበታል። በዝርዝሩ ላይ የዋሸውን፣ ሦስቱ ዳስ እያንዳንዱን በየቦታው አስቀምጦ ለጳጳሱ አነበበላቸው። ደግሞ ዳሶቹን የጣላቸው ራሱ ነው! እዚያው ተንበረከከ።

«አባታችን፣ እኔ ነኝ። አባ ጁሊዮ አያውቁም። ሰዎቹም ጥፋት የለባቸውም፤ እንግዳ መጣብን ብዬ ነው የጠራኋቸው። ቤቱ እንዳይዘጋ ብዬ ነው። ሌላ ቤት የለኝም።»

«እኔ ወንጌሉ ሲነበብ ነው ያወቅሁት» አሉ አባ ጁሊዮ። «ያኔ ደግሞ ማቆም አልቻልኩም።»

ጳጳሱ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ሲቆጡ ሆዳቸውም ይቆጣል እንዴ፣ ከቃላቸው ቀድሞ ጉሩር ሲል ሦስቱም ዳስ ሰማው። መጀመሪያ የሰኪና ሣቅ አመለጣት፤ አፏን በሻሿ አፍና ወደ ጋሪው ሮጠች። ስትመለስ ትልቅ የእንጨት ገበታ ተሸክማለች፣ በላዩ ጭኮ ተቆልሏል። የተፈጨ ገብስ፣ በተነጠረ ቅቤ የታሸ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ።

«ይሄን ብሉ አባቴ» አለች፣ ሜዳው መሐል ሣሩ ላይ እያስቀመጠች። «ሥጋ የለበትም። ገብስና ቅቤ ምን ሃይማኖት አለው?»

ጳጳሱ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አንዴ ጎረሱ፣ ደገሙ። እንግዳ ብቻውን አይበላምና ከዲሮ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከተዋሕዶዎቹ ዳስ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ሰኪና ሁለተኛ ገበታ፣ ሦስተኛ ገበታ አስወረደች፤ ሴቶቹ ለካ ጋሪውን ሞልተውት ኖሯል። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሦስቱም ዳስ ባዶ ሆነ። ሥጋው ለጊዜው ተረሳ፣ ውሾች ብቻ አልረሱትም።

ጳጳሱ ጣታቸውን እየላሱ ማውራት ጀመሩ። «ሃያ ዓመት በዚህ አገር ዞሬያለሁ። ብላ ያላለኝ የለም። አትብላ፣ ሃይማኖትህ ይነካል ብሎ እጄን የያዘኝ ግን ዛሬ ይሄ ጴጥሮሳችሁ ብቻ ነው። ያውም ስለ ሃይማኖቱ ሊዋሸኝ የመጣ ሰው።» ከኪሳቸው አንድ የታሸገ ፖስታ አወጡ። «የመዝጊያውን ደብዳቤ ጽፌ ይዤ ነበር።» ሁለት ቦታ ቀደዱት። «አርባ ሦስት ናቸው ብዬ እጽፋለሁ። ለምን አልዘጋህም የሚሉኝ ካሉ መጥተው ጭኮ ይብሉ።»

እልልታው ፈረሶቹን አስበረገገ። አባ ጁሊዮ ፊታቸውን አዙረው በመሐረባቸው አፍንጫቸውን ተናፈጡ። ኃይለመስቀል የደስታ እንባው ሳይደርቅ ግን ጳጳሱ እጃቸውን ዘረጉለት።

«ቅጣት አለህ። ዝርዝሩን አምጣ። በሐሰት የጻፍካቸውን እዚሁ፣ በየፊታቸው፣ እኔ አነባለሁ፣ አንተ ይቅርታ ትጠይቃለህ።»

ኃይለመስቀል ወረቀቱን ሰጠ።  ጳጳሱ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ እውነተኞቹን አለፉ፣ ጣታቸውን አሳረፉ።

«አርባ አራተኛ። ግራዝማች ወልደጻድቅ።»

 ከዲሮ ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ግራዝማች ከሽማግሌዎቹ ጋር ሣሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀና አሉ።

«ማን አሉ?»

ኃይለመስቀል ሄዶ ከፊታቸው ተንበረከከ። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ያህል አልቀረባቸውም ነበር፤ ጢማቸው ምን ያህል እንደሸበተ ገና አሁን አየ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ካቶሊክ አድርጌ ጽፌዎት ነበር።»

«እኔን?» አሉ ግራዝማች። «ወልደጻድቅን? ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ሰው አልጠፋም። አርባ ሦስቱን ጽፌ ስጨርስ ቀጥሎ የማን ስም ልጻፍ ብዬ አሰብኩ። ማሰብ እንኳ አልፈጀብኝም። እጄ ሄዶ የእርስዎን ጻፈ።»

 የሽማግሌው መንጋጋ ተንቀሳቀሰ፤ የሚያኝኩት ግን አልነበራቸውም። ከዚያ ወደ ገበታው እጃቸውን ሰደዱ። ከጭኮው ቆረሱ፣ በጣታቸው ጠቅልለው ጠበቅ አደረጉት፣ ወደ ልጃቸው አፍ አቀረቡ።

«ሰርዘኝ» አሉት። «መጀመሪያ ግን ጉረስ።»